የእግር መንገድ ሲዘጋ ገበያም ይዘጋል
የእንግሊዝ የእግር ጉዞ ማኅበራትና በነፃ መንገድ ላይ የቆመው የገጠር ንግድ

ነጋዴ ዋጋ ያልወጣለትን ነገር ከሂሳብ አያስገባም። የማይሸጥ አይገዛም፤ የማይገዛም በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። በእንግሊዝ አገር ገጠር ግን ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማይገዛውና በማንም የሀብት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ለብዙ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ሱቆች የገቢ ምንጭ ሆኖ ይኖራል። ይኸውም በሰው እርሻና በሰው ግጦሽ መካከል በእግር የማለፍ መብት ነው። ይህ መብት በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሚያወጣ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 መንገዶቹ በተዘጉ ጊዜ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመብቱ ጠባቂዎች ባለሀብቶች አይደሉም። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በባቡር ጣቢያ ወይም በአንድ መንደር አደባባይ ተሰባስበው፣ ጠንካራ ጫማ ተጫምተውና ምሳቸውን በጀርባ ቦርሳ ይዘው፣ አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በገጠር የሚጓዙ የማኅበር አባላት ናቸው። ከመካከላቸው ጡረተኛ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስና የፋብሪካ ሠራተኛ ይገኛሉ። ለራሳቸው የሚፈልጉት ንፁህ አየርና ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በሚረግጡት መንገድ ዳርና ዳር የቆመው ንግድ ህልውናው ከእነሱ እግር ጋር የተያያዘ ነው።

ለመሆኑ ማኅበሩ እንዴት ይሠራል?

ከእነዚህ ማኅበራት ትልቁ ራምብለርስ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። በ1935 የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ወደ 100,000 የሚጠጉ አባላትና በመላ ብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢ ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን የጉዞ ፕሮግራም አስቀድሞ ያወጣል። በፕሮግራሙ ላይ መነሻው ቦታና ሰዓት፣ የጉዞው ርዝመት፣ የዳገቱ ክብደትና ምሳ በቦርሳ ይያዝ ወይም በመጠጥ ቤት ይበላ እንደሆነ ይገለጻል። አዲስ ሰው እስከ ሦስት ጉዞ ድረስ ያለ ክፍያ አብሮ መሄድ ይችላል። ከወደደው የዓመት መዋጮ ከፍሎ አባል ይሆናል።

መሪው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አይደለም፤ በጎ ፈቃደኛ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከጉዞው ቀን በፊት ነው። መንገዱን ራሱ ቀድሞ ሄዶ ያየዋል። ድልድዩ መሰበሩን፣ ወንዙ መሙላቱን፣ በሩ በሰንሰለት መቆለፉን፣ መንገዱ በሰብል መሸፈኑን ይመለከታል። በዕለቱ ሰው ይቆጥራል፤ ከፊት ሆኖም ይመራል። ሌላ አባል ደግሞ ከኋላ ሆኖ ደካማው እንዳይቀር ይጠብቃል። ማኅበሩ በጉዞ ላይ ለሚመጣ የኃላፊነት ጥያቄ ለመሪዎቹ የመድን ዋስትና ገብቷል።

የጊዜ ስሌቱም የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ደንብ መሠረት ለየ3 ማይሉ 1 ሰዓት፣ ለየ2,000 ጫማው ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይታሰባል። 9 ማይል ርዝመትና 1,000 ጫማ ዳገት ያለው ጉዞ እንግዲህ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ለምሳና ለዕረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ቢጨመር 5 ሰዓት ይሞላል። ስለሆነም ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሳ ቡድን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጉዞውን ይጨርሳል። በመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ይህን ስሌት ያውቃል። ሃያ ሰው የተራበና የተጠማ ስንት ሰዓት ላይ በሩን እንደሚከፍት አስቀድሞ ማወቅ በንግድ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ የሚያርፈው የት ነው?

በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል በፒክ ዲስትሪክት ኮረብቶች ሥር ኢዴል የምትባል መንደር አለች። የነዋሪዋ ቁጥር ጥቂት መቶ ነው። ነገር ግን የባቡር ጣቢያ አላት፤ በ1965 የተከፈተውና 268 ማይል ወይም 431 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ፔናይን ዌይ የተባለው የእግር መንገድም የሚጀምረው ከዚያው ነው። መንደሪቱን ብቻ ቆጥሮ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ ሂሳቡ አይወጣለትም። መንገዱን የሚቆጥር ግን ደንበኛው ከሁለት ታላላቅ ከተሞች በባቡር እንደሚመጣለት ይገነዘባል።

ለምሳሌ ያህል፣ ሃያ ሰዎች ያሉት አንድ ቡድን እያንዳንዱ በምግብ፣ በመጠጥና በትራንስፖርት 15 ፓውንድ ቢያወጣ በአንድ ቀን 300 ፓውንድ በመንገዱ ላይ ይቀራል። በዓመት አርባ እሑዶች ቢወጣ 12,000 ፓውንድ ይሆናል። ይህ ለአንድ ቡድን ብቻ ነው። ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገባው መጠጥ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ባቡሩና አልጋና ቁርስ አቅራቢው ዘንድ ሲሆን ከዚያ ወደ ኋላ ይተላለፋል። መጠጥ ቤቱ ከጠማቂው ቢራ፣ ከሥጋ ነጋዴው ሥጋ፣ ከዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ይገዛል። ባለ አልጋዋ ለአንሶላ አጣቢው፣ ለቧንቧ ሠራተኛውና ለባንኳ ትከፍላለች። በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ የሚገኙት ነጋዴዎች አብዛኞቹ ደንበኛቸው ተጓዡ መሆኑን እንኳ አያውቁም።

የእግር ተጓዥ ገንዘብ ሌላም ጠባይ አለው። በመኪና የሚመጣ ጎብኚ በበጋ ፀሐይና በትምህርት ቤት ዕረፍት ይጎርፋል፤ በክረምት ይጠፋል። የማኅበር ፕሮግራም ግን በብርዱም ወራት አይቋረጥም። ጡረተኞች የሚበዙበት ቡድን በሥራ ቀንም ይወጣል። ለገጠር ሆቴል ባዶ ክፍል በሚበዛበት ማክሰኞ ወይም በኖቬምበር ወር የሚመጣ ደንበኛ በኦገስት ቅዳሜ ከሚመጣው ይልቅ ዋጋ አለው።

ይህን የተረዱ ድርጅቶች ከጥንትም ነበሩ። በ1913 የተቋቋመውና ዛሬ ኤች.ኤፍ. ሆሊዴይስ የሚባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር በመሪ የሚካሄድ የእግር ጉዞን ከመኝታና ከምግብ ጋር አቀናጅቶ በመሸጥ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በ1930 የተቋቋመው የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር ለአንድ ሌሊት 1 ሽልንግ እያስከፈለ የከተማ ወጣቶች በገጠር እንዲያድሩ አደረገ። ግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያም በ1932 መድረሻው ለመንገደኛው አስቀድሞ ያልተነገረ የተጓዦች ልዩ ባቡር ከለንደን አስነስቶ ነበር። ወደ ዕቃው ስንመጣ በ1966 በኒውካስል ከተማ በአንድ የተራራ ዕቃ ሱቅ የጀመሩ ሁለት ሰዎች ቤርግሃውስ የተባለውን የቦርሳና የዝናብ ልብስ ስም ፈጠሩ። ድርጅቱን በ1993 ፔንትላንድ ግሩፕ ገዝቶታል።

ከተሞችም ቢሆኑ ተወዳድረዋል። በዮርክሻየር የምትገኘው ሄብደን ብሪጅ በ2007 ተጓዦችን በደስታ እንቀበላለን የሚል መለያ በመያዝ የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ተከትለዋታል። መለያውን ለማግኘት ከተማዪቱ መንገዶቿን በጥሩ ሁኔታ መያዟን፣ ለተጓዡ መረጃ ማቅረቧንና የነዋሪውን ድጋፍ ማግኘቷን ማሳየት ይጠበቅባታል። ነጋዴው ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት መንገዱን መጥረግ አለበት ማለት ነው።

መንገዱ የማን ነው?

ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። መሬቱ የግል ነው፤ በላዩ የሚያልፈው የእግር መንገድ ግን የሕዝብ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን ሊሸጥ፣ ሊያከራይ ወይም ሊያወርስ ይችላል። አላፊውን ማስቆም ወይም ቀረጥ ማስከፈል ግን አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው መንገድ ርዝመት 140,000 ማይል ወይም 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መብቱ በስጦታ የተገኘ አይደለም። በማንቸስተር የጥንት የእግር መንገዶችን ለመጠበቅ ማኅበር የተቋቋመው በ1826 ነው። በሼፊልድ ደግሞ ጂ.ኤች.ቢ. ዋርድ የተባለ ሰው በ1900 የሠራተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር አቋቋመ። የሁለቱ ከተሞች ሠራተኞች ስድስት ቀን በፋብሪካ ጢስ ውስጥ ሠርተው በሰባተኛው ቀን ሊወጡበት የሚመኙት ኮረብታ በዓይን ይታያቸዋል። ነገር ግን በዘበኛ ይጠበቅ ነበር። ምክንያቱም ግራውስ የምትባል ቆቅ መሰል ወፍ ነበረች። ወፊቱ ከኦገስት 12 እስከ ዲሴምበር 10 ባለው ወቅት ብቻ የምትታደን ሲሆን ባለመሬቶቹ ለዚሁ አደን ሲሉ ሰፊውን ደጋ ዓመቱን ሙሉ ዘግተው ይይዙት ነበር። ጠቡ በአንድ መሬት ላይ የሁለት ጥቅሞች ጠብ ነበር ማለት ይቻላል።

ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን በተባለ ወጣት የተመሩ 400 ያህል ሰዎች ኪንደር ስካውት ወደተባለው ኮረብታ ጥሰው ገቡ። ከዘበኞቹ ጋር ተጋጩ። ስድስት ሰዎች ተይዘው አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። በጊዜው የነበሩት ዋና ዋና የተጓዦች ፌዴሬሽኖች ድርጊቱን አልደገፉትም፤ ድርድሩን ያበላሽብናል ብለው ሰግተው ነበር። ፍርዱ ግን ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ጉዳዩም የአገር ጉዳይ ሆነ። በ2002 በተደረገው የ70ኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ በ1932 የኮረብታው ባለቤት የነበሩት መስፍን የልጅ ልጅ ተገኝተው በአያታቸው ስም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 የወጣው ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ በ1951 የመጀመሪያው የሆነው ፒክ ዲስትሪክት ነው። ሁለተኛውና ለነጋዴ ይበልጥ የሚገባው፣ የአካባቢ አስተዳደሮች የሕዝብ የእግር መንገዶችን ሁሉ በሕጋዊ ካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። በካርታው ላይ የሰፈረ መንገድ መኖሩ አያከራክርም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ካርታ ያለው ይዞታና ካርታ የሌለው ይዞታ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የእግር መንገዱም እንዲሁ ነው። ሰው ለሦስት መቶ ዓመት ቢመላለስበትም ካርታ ላይ ካልወጣ አንድ ቀን አጥር ይመጣበታል።

በ2000 የወጣው ሌላ ሕግ በተራራ፣ በደጋና በወል መሬት ላይ ከመንገድ ወጥቶም በእግር የመዘዋወር መብት ሰጠ። ይህ ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በዚያው ሕግ ግን የጥንት መንገዶችን በካርታ ለማስመዝገብ የ2026 መጀመሪያ የመጨረሻ ቀን ተደርጎ ተቆርጦ ነበር። የራምብለርስ በጎ ፈቃደኞች በ2020 አሮጌና አዲስ ካርታዎችን አስተያይተው ሳይመዘገብ የቀረ ከ49,000 ማይል በላይ መንገድ አገኙ። የጊዜ ገደቡ በ2023 ወደ 2031 ተራዘመ። በ2024 መጨረሻም መንግሥት ገደቡን ጨርሶ እንደሚያነሳ አስታወቀ።

ጥገናው በማን ኪስ?

ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የመንገዱን ገጽ የመጠበቅ ግዴታ የአካባቢው አስተዳደር ነው። በአጥር ላይ መሻገሪያ እርከንና በር ማቆምና መጠገን የባለመሬቱ ድርሻ ሲሆን ከወጪው ቢያንስ አንድ አራተኛውን ከአስተዳደሩ መጠየቅ ይችላል። በእርሻው መካከል የሚያልፈውን መንገድ ያረሰ ገበሬ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ማስተካከል አለበት። ለዚያው ሰብል በድጋሚ ከነካው የሚሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የተስተካከለው መንገድም ስፋቱ ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም።

ሕጉ በወረቀት ላይ መልካም ነው። የሚያስፈጽመው ተቆጣጣሪ ግን በየእርሻው መቆም አይችልም። ማኅበሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መሪው መንገዱን ቀድሞ ሲያይ የተዘጋውን በር ይመዘግባል፤ ለአስተዳደሩም ያመለክታል። ቡድኖቹ መቁረጫና መጋዝ ይዘው ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ ትናንሽ ድልድይም ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄዱበታል። የማይረገጥ መንገድ በአንድ ክረምት እሾህ ይውጠዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አንድ ሰው ለብቻው ሊያስከብረው የማይችለውን መብት ሃያ ሰው በየሳምንቱ በእግሩ ያድሰዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለዚህ ጥገና የሚከፍለው የለም። ጥቅሙ ግን ይደርሰዋል።

2001፦ የመዝጊያው ሂሳብ

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2001 በኤሴክስ ግዛት በሚገኝ ቄራ ውስጥ አፍተግር፣ ማለትም የከብት የአፍና የእግር በሽታ መግባቱ ተረጋገጠ። በሽታው ለኢትዮጵያ የቁም ከብትና የሥጋ ላኪ እንግዳ አይደለም። በአገር ውስጥ ያለ መሆኑ ብቻ ስንት ገበያ እንደሚዘጋ ላኪው ያውቃል። ብሪታንያም ከበሽታው ነፃ የሆነ አገር የሚለውን ስሟን ማጣት አልፈለገችም። የተመረጠው መንገድ ክትባት ሳይሆን የታመመውንና የተጠረጠረውን ከብት ማረድ ሆነ። እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2001 ድረስ በሽታው በ2,026 ቦታዎች ተገኘ። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳትም ተወገዱ።

በሽታው በተገኘ በሳምንቱ ለአካባቢ አስተዳደሮች የእግር መንገዶችን በጅምላ እንዲዘጉ ሥልጣን ተሰጣቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታው ባልደረሰበት አካባቢ ጭምር መንገዱ ሁሉ ማለት ይቻላል ተዘጋ። ራምብለርስም ጉዞዎቹን ሰርዞ አባላቱ ከገጠር እንዲርቁ ጠየቀ። የሬሳ ክምር ሲቃጠል የሚያሳየው የቴሌቪዥን ምስል ደግሞ በዓለም ዙሪያ ታየ። ሆቴሉ ክፍት ነበር፤ ቢራውም ነበር፤ ባቡሩም ይመጣ ነበር። የጠፋው ሰው ነው። ሰው የሚመጣው ለመንገዱ ነበርና።

የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2002 ባወጣው ሪፖርት በሽታው የመንግሥትን ካዝና ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ፣ የግሉን ዘርፍ ደግሞ ከ5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳስወጣ ገለጸ። ከሁሉም የበለጠ የገንዘብ ጉዳት የደረሰበት የከብት ርባታው ሳይሆን የቱሪዝሙ ዘርፍ እንደሆነም አስታወቀ። ለዚህም ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የእግር መንገዶቹ በጅምላ መዘጋታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ግብርና ከብሪታንያ ጠቅላላ ምርት የነበረው ድርሻ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው አባባል በአንድ ትልቅ አገር በጀት ላይ ደረሰ።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የካሳው ነገር ነው። ከብቱ የተገደለበት ገበሬ በገበያ ዋጋ ተገምቶለት ካሳ ተቀበለ። ለታረደው እንስሳ ብቻ የተከፈለው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። በጎረቤቱ ያለው የሆቴል ባለቤት የተሰጠው የግብር እፎይታና አነስተኛ የማቋቋሚያ ድጋፍ ነው፤ ላጣው ገቢ የተመጣጠነ ካሳ አላገኘም። ምክንያቱ ጭካኔ አልነበረም። ላም ዋጋ አላት፤ ትቆጠራለች። ያልመጣ እንግዳ ግን ደረሰኝ የለውም። መድን ሰጪውም ብዙውን ጊዜ ሕንጻው ካልተቃጠለ፣ ዕቃው ካልተሰበረ ጉዳት ደረሰ አይልም። በሽታው በጠናበት በካምብሪያ፣ ታዋቂው የሐይቆች አውራጃ በሚገኝበት ግዛት፣ ይህ ልዩነት ጎረቤትን ከጎረቤት አቃርኗል።

ትምህርቱ ግን ባክኖ አልቀረም። በ2007 በሽታው በሰሪ ግዛት እንደገና ሲከሰት የተገኘው በስምንት ቦታዎች ነበር። የተዘጉትም በበሽታው ቀጣና ውስጥ ያሉት መንገዶች ብቻ ናቸው። በተቀረው አገር ገጠሩ ክፍት መሆኑ ለሕዝብ ተነገረ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣም የቡድን ጉዞ ተቋረጠ እንጂ መንገዶቹ በጅምላ አልተዘጉም።

ባለመሬቱ ምን ይላል?

ገበሬውም የራሱ አቤቱታ አለው። አላፊው በሩን ሳይዘጋ ይሄድና በጎቹ ይበተናሉ። ውሻው ያልታሰረ እንግዳ ነፍሰ ጡር በግ ያስደነግጣል። በ2000ው ሕግ በተከፈቱት መሬቶች ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ በገመድ እንዲያዝ የተደነገገው ለዚህ ነው። መኪናውን በእርሻ በር ላይ አቁሞ የሚሄድም አለ። ገንዘቡን ግን መንደር ወርዶ መጠጥ ቤት ያወጣዋል። ወጪው በአንዱ፣ ገቢው በሌላው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ይህ ቅሬታ እውነት አለው። በመሪ የሚሄድ ቡድን በሩን ዘግቶ፣ ሰብሉን በሰልፍ አቋርጦ ስለሚያልፍ ገበሬው ከብቸኛው አላፊ ይልቅ ይመርጠዋል። ብልህ ገበሬዎች ደግሞ መንገዱን ከመዝጋት ይልቅ ከመንገዱ መጠቀምን መርጠዋል። ጎተራቸውን አድሰው ማደሪያ አድርገዋል፤ በእርሻቸው ደጃፍ ሻይና ኬክ ይሸጣሉ፤ አይብና እንቁላል በቀጥታ ለተጓዡ ያቀርባሉ። መንገዱን እንደ ዕዳ ያዩት የነበሩ ሰዎች እንደ ሱቅ በር ማየት ጀምረዋል።

ለአዲስ አበባ ገበያ ያለው ትርጉም

በአዲስ አበባም በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ሌሎች ቦታዎች የሚሄዱ የእግር ጉዞ ቡድኖች አሉ። አሠራሩ ግን ከእንግሊዙ ይለያል። እዚህ ብዙውን ጊዜ አዘጋጁ አውቶቡሱን፣ ምሳውንና አስጎብኚውን ጠቅልሎ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። እዚያ ማኅበሩ የሚሸጠው ነገር የለም፤ አባሉ መዋጮውን ይከፍልና በመንገድ ላይ የሚያወጣውን ራሱ ያወጣል። በእንግሊዝ የማለፍ መብት በካርታ የተረጋገጠ ሲሆን በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የመተላለፉ ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው ከአካባቢው ኅብረተሰብ፣ ከፓርክ አስተዳደር ወይም ከማኅበር ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው።

በላስታ ተራሮች ከ2003 ጀምሮ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የኅብረተሰብ ቱሪዝም ይህን ስምምነት መሠረት ያደረገ ነበር። የመንደሩ ሰው ማደሪያውን ያስተዳድራል፤ ምግቡን ያበስላል፤ አህያውን ያከራያል፤ እንግዳውም ከመንደር ወደ መንደር በእግር ይሄዳል። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ የደረሰው ጦርነትና ግጭት እንግዳውን ሲያርቅ ግን እንደ 2001ዱ የእንግሊዝ ባለ ሆቴል ሁሉ ላልመጣ እንግዳ ደረሰኝ የሚቆርጥ አልተገኘም።

ስለዚህ በገጠር ሎጅ፣ ሆቴል ወይም መዝናኛ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከሕንጻው ግምት በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። እንግዳው የሚመጣው ለምንድን ነው? ለአልጋው ነው ወይስ ከአልጋው አጠገብ ላለው መንገድ፣ ሐይቅ ወይም ደን? ያ ነገር የማን ነው? በምን ሰነድ ተረጋግጧል? ማን ይጠብቀዋል፤ ለጠባቂውስ ከገቢው ምን ይደርሰዋል? አንድ ቀን ቢዘጋ የመድን ውሉ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? በብድር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የባንኩ ወለድ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ እንደማይቆም ማስታወስ ይገባል።

የእንግሊዙ ተጓዥ ጫማውን አስሮ ሲወጣ ስለ ኢኮኖሚ አያስብም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ግን በ2001 ከደረሰበት በኋላ ማሰብ ግድ ሆኖበታል። ዛሬ በየመንደሩ ነጋዴው በተጓዦች ስብሰባ ላይ ሲገኝ፣ የወደቀ የመንገድ ምልክት በራሱ ገንዘብ ሲያስተክል ይታያል። ይህን የሚያደርገው ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ንግዱ የቆመበትን መሬት ስላወቀ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላልና የአገሬው ነጋዴም በነፃ የሚያገኘውን ነገር ከሚገዛው ዕቃ ባላነሰ ጥንቃቄ ቢቆጥረው ይበጀዋል።